በራሴዎቹ

እንጅባራ ጠዋት ጠዋት ሜዳ የላትም፤ ጉሙ ይውጠዋል። ልምምድ ስንጀምር በእኛ በኩል ያለው ጎል ይታየናል፣ የወዲያኛው ግን የለም። ኳሷን ወደ ነጩ ጉም እንመታታለን፤ ትንሽ ቆይቶ ከውስጥ «ያዝኳት!» የሚል ድምፅ ይመጣል። ያ ድምፅ የደጊቱ ነበር። ስለዚያ ዘመን ሳስብ ዛሬም መጀመሪያ የሚመጣልኝ መልኳ ሳይሆን ድምፅዋ ነው።

ያኔ የኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። የተወለድኩት ዳንግላ ነው። እናቴ ገበያው ውስጥ በርበሬ ትነግዳለች፤ እኔ ደግሞ ከወንዶች ጋር ኳስ ስጫወት ነው ያደግኩት። አንድ ጊዜ በትምህርት ቤቶች ውድድር ላይ ተከላካይ ሆኜ ስጫወት አሰልጣኝ ሙሉቀን አየኝና ለኮሌጁ የሴቶች ቡድን መረጠኝ። መመረጥ ማለት ዶርም ማግኘት፣ ካፌ መብላት፣ ማሊያና ታኬታ መቀበል ማለት ነው። በሁለተኛው ዓመት አምበል አደረጉኝ። የአምበልነቱን ጨርቅ ክንዴ ላይ ሳስር ደረቴ ይነፋ ነበር፤ አልዋሽም።

ቡድናችን ውስጥ ታዲያ ሌላ ዓይነት ተጫዋቾችም ነበሩ። ነገሩ የተጀመረው በደጊቱ ነው። አንድ ጠዋት አሰልጣኝ ሙሉቀን አንዲት የማያውቃት ቀጭን ረጅም ልጅ የሱፍ ጓንት አድርጋ ከጎሉ ኋላ የሚያልፉትን ኳሶች እየለቀመች ስትመልስ አያት።

«ማን ልኮሽ ነው የመጣሽው?» አላት።

«በራሴ» አለችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ «በራሴ» ሆነ። እሷን አይተው ሌሎች ተማሪዎችም መጡ። እነሱም «በራሴዎች» ተባሉ። የቤት ኪራያቸውን ራሳቸው የሚከፍሉ፣ ታኬታ የሌላቸው፣ ስማቸው ከተመዘገቡት ተጫዋቾች መሀል የሌለ፣ ነገር ግን ዝናብ ቢዘንብ በረዶ ቢጥል ከሜዳው የማይቀሩ ልጆች ነበሩ። አሰልጣኙ ልቡ ለስላሳ ነው። «ኳስ ወድዶ የመጣን ሰው እንዴት አድርጌ ሂድ እለዋለሁ?» ይል ነበር። እንዲህ እያለ እያለ በራሴዎቹ ከተመረጥነው በቁጥር በለጡ።

ደጊቱ የጥርባ አካባቢ ገበሬ ልጅ ናት። አፏን የፈታችው በአዊኛ ነው። አማርኛዋ ንጹሕ ቢሆንም ስትደነግጥና ስትስቅ ወደ አዊኛዋ ትመለሳለች። እኔ አዊኛ እሰማለሁ እንጂ አልናገርም፤ ስለዚህ ሜዳ ላይ በአዊኛ ስትሰድበኝ በአማርኛ እመልስላታለሁ፤ ሁለታችንም እንስቃለን። ከልምምድ በኋላ አልፎ አልፎ የተከራየቻት ክፍል ወስዳ አባቷ የላኩላትን ድንች ትቀቅልልኝ ነበር። እግራችንን ከሰል ዳር ዘርግተን ካልሲያችን እየጨሰ፣ ድንቹን ሚጥሚጣ ውስጥ እየነከርን የምንስቀው ሳቅ! ከዚያ በኋላ ስንት ሆቴል በልቻለሁ፤ እንዲያ የጣፈጠኝ ነገር ግን ትዝ አይለኝም።

ሜዳ ላይ ግን ችግር ነበር፤ ይህንንም እንዳለ መናገር አለብኝ። ያሉን ኳሶች ጥቂት ናቸው። ጎል ለመምታት የሚቆመው ሰልፍ ረጅም ነው፤ ተራ እስኪደርስሽ ሰውነትሽ ይቀዘቅዛል። አሰልጣኙ አንድ ነው፤ የአንዷን ስሕተት ሲያርም የሌላዋ ያመልጠዋል። አጥቂያችን ሰብለ አንድ ቀን ትዕግሥቷ አልቆ፣ «እኛ ለውድድር ነው የምንዘጋጀው ወይስ ለሰርግ ጭፈራ?» ብላ ኳሷን ወደ ውጭ ለጋቻት። በራሴዎቹ ሰምተዋል። ደጊቱ ሮጣ ኳሷን ይዛላት መጣች።

ብዙም ሳይቆይ የኮሌጁ ስፖርት ክፍል ጉዳዩን ያዘው። ለሚቀጥለው ሰኞ ስብሰባ ተጠራ፤ የመወያያው ነጥብ አንድ ነበር፦ በራሴዎቹ ይቀነሱ ወይስ ባሉበት ይቀጥሉ? ሐሙስ ዕለት አሰልጣኙ ጠራኝ።

«የተጫዋቾቹን ሐሳብ የምትናገሪው አንቺ ነሽ» አለኝ።

«እርስዎስ ምን ይላሉ?»

«እኔማ ጨነቀኝ። ልቤ ይቆዩ ይላል፤ ዓይኔ ግን ስንቷን ሊያይ ነው?» አለና ሜዳውን ተመለከተ። «ያመንሽበትን ተናገሪ። እኔን ለማስደሰት ብለሽ እንዳትናገሪ።»

ያመንኩበት ቁጥሩ ይቀነስ የሚለው ነበር።

ቅዳሜ ዳንግላ ላይ ጨዋታ ነበረን። ለእኔ ይህ ጨዋታ ሁለት ነገር ነበረው። አንደኛው፣ እናቴ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ስጫወት ልታየኝ ነው። ሁለተኛው፣ ከባሕር ዳር አንድ የክለብ ሰው ተጫዋች ለመመልከት እንደሚመጣ አሰልጣኙ በጆሮዬ ነግሮኛል። «የመጣው አንቺን ለማየት ነው፤ ለሌሎቹ አታውሪ» ብሎኛል። ያን ሳምንት እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኔ አልዞረም።

ያኔ መንገዱ ሰላም ስለነበር ከእንጅባራ ዳንግላ የሚኬደው እየተዘፈነ ነበር። ሚኒባሱ ውስጥ የተመረጥነው ተቀመጥን። ከበራሴዎቹ ቦታ ያገኘችው ደጊቱ ብቻ ነበረች፤ እሷም ከኋላ በኩል ኳሶቹ ያሉበት ከረጢት ላይ። እሷን የወሰድናት በምክንያት ነው። ዋናዋ በረኛችን ከጨዋታው በፊት እንዳትደክም በማሟሟቂያው ሰዓት ጎል ላይ ቆማ ኳስ የሚመታባት ደጊቱ ነበረች። ሁልጊዜም እንዲያ ነው የምናደርገው። ማንም ክፋት አለው ብሎ አላሰበም፤ ደጊቱም ራሷ ደስ ብሏት ነው የምትመጣው።

መንገድ ላይ ወደ ኋላ ዞር ብዬ ከእሷ ጋር ሳወራ በድንገት ጠየቀችኝ።

«ሰኞ ምን ልትይ ነው?»

መዋሸት አልፈለግኩም። «ይቀነስ ልል ነው» አልኳት።

«እኔም ልቀነስ?»

«አንቺን አላልኩም።»

«ታዲያ ማንን?»

ዓይኔን ወደ መስኮቱ መለስኩ። እሷ ግን ሳቀችና ከፊት ያሉት የጀመሩትን ዘፈን ተቀበለች። ድምፅዋ ከሁሉም ይበልጥ ነበር።

ዳንግላ ሜዳው ዙሪያውን ሰው ሞልቶታል። ባለጋሪዎች ጋሪያቸውን ሜዳው ዳር ደርድረው ላዩ ላይ ቆመዋል፤ ፈረሶቹ ሣር ይግጣሉ። እናቴን ወዲያው አየኋት። የክት ነጠላዋን ለብሳ፣ ከጎረቤቶቿ መሀል ቆማ፣ ሰርግ የመጣች ትመስላለች። አንድ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ብቻውን በአንድ በኩል ተቀምጧል። እሱ እንደሆነ ሳልጠይቅ አወቅኩ።

ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ጎሉ አካባቢ ያለው መሬት ያንሸራትታል። የጎሉ ቋሚ የባሕር ዛፍ ነው። ማሟሟቅ ጀመርን። ደጊቱ በሱፍ ጓንቷ እየዘለለች ይያዛል የማይባለውን ኳስ ሁሉ ትይዛለች። ተመልካቹ ዋናዋ በረኛ መስላው አጨበጨበላት። ከዚያ አንዲት ኳስ ወደ ጥጉ ሄደች፤ ደጊቱ ተወረወረች፤ እግሯ ከዳት፤ ክንዷ ከቋሚው ጋር ተጋጨ።

ድምፁን ከመሀል ሜዳ ሰማሁት። ሮጬ ስደርስ ቀኝ እጇን በግራ እጇ አቅፋ ጭቃው ላይ ተቀምጣለች። ፊቷ አመድ መስሏል። አልጮኸችም። በአዊኛ «እናቴ፣ እናቴ» እያለች ታንሾካሹካለች።

የቡድናችን ወጌሻ መጥቶ ክንዷን በዝግታ ነካ አደረገውና ራሱን ነቀነቀ። ካርቶን ቀድዶ በፋሻ አሰረላት። «ተሰብሯል። ራጅ ያስፈልጋታል፤ አሁኑኑ ሆስፒታል ትሂድ» አለ።

«ማን ይውሰዳት?» አለ አሰልጣኙ።

ወጌሻው መሄድ አይችልም፤ እሱ በሌለበት ጨዋታው አይጀመርም። አሰልጣኙ ቡድኑን ጥሎ መሄድ አይችልም። የሚኒባሱ ሹፌር ምሳ ሊበላ ሄዷል፤ ስልኩ ኔትወርክ የለውም። ሌሎቹ በራሴዎች ቢኖሩ ኖሮ ይዘዋት ይሄዱ ነበር፤ ግን ለእነሱ መኪና ላይ ቦታ ስላልነበረ እንጅባራ ቀርተዋል። ዳኛው አምበሎችን ጠራ። የዚያኛው ቡድን አምበል መሀል ሜዳ ላይ ቆማ እኔን ትጠብቃለች።

ይህን ሁሉ ጊዜ ደጊቱ ቀና ብላ ስታየን ነበር። ፈገግ ለማለት ሞከረች።

«ሂዱ፤ ጨዋታችሁን ተጫወቱ። እኔ በራሴ እሄዳለሁ» አለች።

ለመነሳት ሞክራ ተመልሳ ጭቃው ላይ ተቀመጠች።

ያ ቃል ስሟ ነበር። በቀን ውስጥ ስንቴ የምንጠራው፣ የምንስቅበት ስም ነው። በዚያች ቅጽበት ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ትርጉሙን የሰማሁት መሰለኝ። የአምበልነቱን ጨርቅ ከክንዴ ፈታሁና ለሰብለ ሰጠኋት።

«እመቤት!» አለ አሰልጣኙ። ወደ ጆሮዬ ተጠጋ። «ሰውየው መጥቷል እኮ!»

«አይቼዋለሁ።»

«ነገ ተመልሶ የሚመጣ ሰው አይደለም።»

«ታዲያ ብቻዋን እንዴት ልተዋት?» አልኩት። ደፋር ሆኜ አይደለም። ትንሽ ብቆይ ሐሳቤን እንደምለውጥ ስለማውቅ ነው የቸኮልኩት።

አንድ ሽማግሌ ባለጋሪ ሳንጠራቸው ፈረሳቸውን አዙረው መጡ። «ጫኗት ልጆቼ፣ ጫኗት» አሉ። ደጊቱን ደግፌ አወጣኋት፤ እኔም ከነማሊያዬ፣ ከነታኬታዬ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ጋሪው ድንጋይ በረገጠ ቁጥር ጥርሷን ትነክሳለች። ሽማግሌው ያዩዋታል፤ ፈረሱን «ቀስ በል፣ ቀስ በል አንተ!» ይሉታል።

«አሁንም ተመለሺ» አለችኝ። «ገና አልተጀመረም።»

ይህን ብላ ሳትጨርስ ከኋላችን ፊሽካው ተነፋ። የሕዝቡ ጩኸት ተከተለ። ሁለታችንም ዞር አላልንም። ትንሽ ቆይታ ግንባሯን ትከሻዬ ላይ አሳረፈች።

ሆስፒታል ስንደርስ ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ጭቃ በጭቃ ነኝ።

«ለታካሚዋ ምኗ ነሽ?»

«አምበሏ ነኝ።»

«ዝምድናሽን ነው የምጠይቅሽ።»

«እኅቷ ነኝ» አልኩ። ደጊቱ በዚያ ሕመም ውስጥ ሆና ሳቀች።

ራጅ ተነሥታ ስንጠባበቅ እናቴ እያለከለከች ደረሰች። ነጠላዋ ከትከሻዋ ተንሸራትቷል።

«አንቺ ልጅ! ሜዳው መሀል ስፈልግሽ በጋሪ ስትሄጂ ሰው አሳየኝ! የተሰበርሽው አንቺ መስለሽኝ እኮ ነው!»

«እሷ ናት እናቴ። ጓደኛዬ ናት።»

እናቴ ደጊቱን አየቻት። ሌላ ነገር አልጠየቀችም። ነጠላዋን አወለቀችና በእርጥብ ልብሷ ለምትንቀጠቀጠው ልጅ አለበሰቻት። ሐኪሙ ሁለት የክንዷ አጥንቶች መሰበራቸውን ነገረን፤ አስተካክሎ ጄሶ አደረገላት። «ክረምት እስኪገባ ኳስ የሚባል ነገር በእጅሽ እንዳትነኪ» አላት። ያኔ ነው ያለቀሰችው። አጥንቷ ሲሰበር ያላለቀሰች ልጅ ይህን ስትሰማ ተንሰቀሰቀች።

አመሻሹ ላይ እናቴ ቤት ሳለን አሰልጣኙ ደወለ። አስቀድሞ የጠየቀው ስለ ደጊቱ ነው። ከዚያ መሸነፋችንን ነገረኝ። ቀጠል አድርጎም «ሰውየው ሰብለን ወደዳት» አለ። «እሰይ» አልኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ወደ ጓሮ ወጥቼ ፊቴን ታጠብኩ፤ ደግሜ ታጠብኩ። እናቴ በመስኮት አየችኝና ፎጣ አቀበለችኝ።

ደጊቱ እናቴ ቤት አደረች። «ለአባቴ እንዳትደውሉ» ብላ ለምና ነበር፤ እናቴ ግን «የሰው ልጅ ተሰብራ ቤቴ ተኝታ አባቷ ሳይሰሙ!» ብላ አስደወለችኝ። እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ሰው ሳይመለስ አባቷ አቶ ጥሩነህ ደረሱ። ረጅም፣ ልጃቸውን የመሰሉ ሰው ናቸው። ጋቢያቸውን እንደለበሱ በትከሻቸው ድንች የሞላ ከረጢት ተሸክመው መጡ። ከረጢቱን ከበሩ ሥር አስቀምጠው ልጃቸውን በደህናው ክንዷ በኩል ሳሟት።

በአዊኛ ተነጋገሩ። እንደምሰማ አላወቁም።

«ማን አሳከመሽ?» አሏት።

«ቡድኑ ነው አባዬ።»

«ኮሌጁ ያውቃል?»

«ያውቃል።»

አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው የልጃቸውን ፊት ለረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ ወደ እኔ ዞሩና በአማርኛ ጠየቁኝ።

«አለቃቸው አንቺ ነሽ አሉኝ።»

«አምበል ነኝ አባባ። አዎ።»

«እንግዲህ አንቺን ልጠይቅሽ። እሷ ልታስደስተኝ ስለምትፈልግ እውነቱን አትነግረኝም። ይቺ ልጅ ከእናንተ ናት ወይስ አይደለችም?»

ደጊቱ «አባዬ!» አለች። በእጃቸው ዝም አሰኟት።

«አገሬ ላይ ለሰው ሁሉ ልጄ የኮሌጁ ተጫዋች ናት ብዬ ተናግሬያለሁ። ግን የቤት ኪራይ የምልከው እኔ ነኝ። ማሊያ ለብሳ አላየኋት። እዚያ አለች፣ ደግሞም የለችም። ናት ካላችሁኝ ዝም እላለሁ፤ ሰው በጨዋታም ይሰበራል። አይደለችም ካላችሁኝም ይዣት እሄዳለሁ። መሀል ላይ ሆና ግን አጥንቷን የምትሰብረው ለማን ብላ ነው?»

እናቴ እንኳን፣ ለሁሉም ነገር መልስ የማታጣው እናቴ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች።

«አባባ» አልኩ በመጨረሻ፣ «እስከ ትናንት ድረስ አልነበረችም። ስም አልነበራትም። ነገ በዚሁ ጉዳይ ስብሰባ አለን። እርስዎ ያሉትን እዚያ እናገረዋለሁ።»

«ተናገሪው» አሉ። ከዚያ ለእናቴ ድንቹን አሳይተው፣ «የቀዩ ዓይነት ነው፤ ሲቀቀል አይፈርስም» አሏት። እናቴም ከታሰረችበት እንደ ተፈታች ሁሉ ለመነሳትና ለማስተናገድ ተጣደፈች።

ሰኞ አዳራሹ ሞልቷል። ከፊት የስፖርት ክፍሉ ኃላፊና አሰልጣኙ፣ ከመሀል የተመረጥነው፣ ከኋላ በራሴዎቹ ተቀመጡ። ቦታውን እንዲያ ብላችሁ ተቀመጡ ያላቸው ማንም የለም፤ ለምደውት ነው። ደጊቱ እጇን በሻሽ አንጠልጥላ ከእነሱ መሀል ናት። ኃላፊው ስለ ኳስና ስለ ሜዳ እጥረት ተናገረ። ሰብለ ስለ ልምምዱ መጨናነቅ ተናገረች፤ የተናገረችው ሁሉ እውነት ነበር። ከዚያ የእኔ ተራ ደረሰ።

«ይቀነስ» አልኩ።

ከኋላ አንድ ድምፅ ተሰማ፤ ትንፋሽ እንደ መሳብ ያለ።

«ይቀነስ ያስባለኝ ግን የኳስ እጥረት ሳይሆን የቅዳሜው ነገር ነው» ብዬ ቀጠልኩ። «ደጊቱ ስትሰበር ማን ይውሰዳት ሲባል መልስ አልነበረንም። አባቷ ልጄ ከእናንተ ናት ወይ ብለው ሲጠይቁኝም አልነበረችም ከማለት ሌላ መልስ አልነበረኝም። ልጆቹን እናስገባቸዋለን፤ ግን አንይዛቸውም። ስንፈልጋቸው የእኛ ናቸው፤ ሲጎዱ ግን የራሳቸው። ከዚህ በኋላ መሀል ላይ የሚቆም ሰው አይኑር። መኪና ላይ ወንበር፣ ማሊያ፣ ብትጎዳ አብሯት የሚሄድ ሰው ልንሰጣት የምንችለው ልጅ ብቻ ትግባ። የምትገባዋም እንደ እኛው ትያዝ። ጥቂት ይሁኑ፤ ግን የእኛ ይሁኑ።»

አንዳንዶች አጨበጨቡ። አሰልጣኙ ራሱን ነቀነቀ። ጥሩ የተናገርኩ መስሎኝ ልቀመጥ ስል ደጊቱ ተነሣች።

«እኔ ልናገር?» አለች። ኃላፊው ፈቀደላት።

«እመቤት ጥላኝ አልሄደችም። እስክሞት አልረሳላትም» አለች። ድምፅዋ ሜዳ ላይ እንደሚሰማው ነው፤ ግድግዳው ይመልሰዋል። «ግን ወንበር ስጡኝ ብዬ ጠይቄያለሁ? ማሊያ ጠይቄያለሁ? እኔ የጠየቅኩት ሜዳውን ብቻ ነው። ጠዋት ተነሥቼ የምሄድበት ቦታ ስላለኝ ነው ብርዱንም ትምህርቱንም የቻልኩት። እነዚህ ልጆች ሁሉ እንደዚያው ናቸው። ለእኛ ስትሉ አትቀንሱን። ኳስ አነሰን ካላችሁ እሺ፣ ኳስ አነሰን በሉ። ግን ለእኛ አዝናችሁ በሩን አትዝጉብን።»

ተቀመጠች። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ያጨበጨበ ሰው አልነበረም፤ ማጨብጨብ የሚቻልበት ንግግር አልነበረም።

ውሳኔው እኔ እንዳልኩት ሆነ። ከበራሴዎቹ ጥቂቶች በፈተና ተመርጠው ተመዘገቡ፤ ማሊያ ተሰጣቸው፤ መኪና ላይም ከእኛ ጋር መቀመጥ ጀመሩ። ሌሎቹ ተሰናበቱ። ደጊቱ ክንዷ በጄሶ ስለነበር ፈተናውን መውሰድ አልቻለችም። አሰልጣኙ «ለአንቺ ቦታ እንይዝልሻለን» ሲላት «በሐዘኔታ አልገባም» አለችው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳልደብቅ ልንገራችሁ። ልምምዳችን ተሻሻለ። ሰልፉ አጠረ። ማሸነፍ ጀመርን። ከተመረጡት በራሴዎች አንዷ ዛሬ ከእኛ ሁላችን በላይ ደርሳለች። ሐሳቤ ትክክል ነበር ብል የሚያስረዳልኝ ብዙ ነገር አለ። ነገር ግን ጠዋት ጠዋት ኳሷን ወደ ጉሙ ስንመታት ጸጥ ይል ነበር። በደጊቱ ቦታ የገባችው አዲሷ በረኛ ጎበዝ ናት፤ ኳሷን ስትይዝ ግን አትጮኽም። አንዳንዴ ሳላስበው ቆሜ እሰማለሁ።

ከደጊቱ ጋር አልተጣላንም፤ ግን እንደ በፊቱም አልሆንንም። መንገድ ላይ ስንገናኝ ስለ ትምህርት እንጠያየቃለን። እሷ ተመርቃ ወደ አገሯ በመምህርነት ሄደች። የእኔ ደግሞ የክለብ ተጫዋች የመሆን ሕልሜ እዚያው ዳንግላ ሜዳ ላይ ቀረ፤ የባሕር ዳሩ ሰው ዳግመኛ አልመጣም። አሰልጣኝነት ተማርኩ። ዛሬ የአንድ ኮሌጅ የሴቶች ቡድን አሰለጥናለሁ። አንዲት ልጅ ወደ ቡድኔ ከመግባቷ በፊት ራሴን የምጠይቀው የአቶ ጥሩነህን ጥያቄ ነው። መልሱ «ናት» ካልሆነ አላስገባም። በዚህ የተነሣ ልጆች እያለቀሱ ከቢሮዬ ወጥተዋል። ጨካኝ ብላችሁ እንዳትፈርዱብኝ፤ ያን ቀን ጋሪው ላይ ትከሻዬ ላይ ያረፈውን ግንባር ብታውቁት ትረዱኝ ነበር።

ያለፈው ዓመት፣ መንገዱ ሰላም በሆነበት ሰሞን፣ ደጊቱ ደወለችልኝ።

«ተጫዋች ትፈልጊ እንደሆነ ነይና እዪ» አለችኝ። «ልጆች አሉኝ።»

በባጃጅ ጥርባ ሄድኩ። ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ኋላ ተዳፋት ሜዳ አለ፤ ሜዳ ማለት ካስቻለ። እዚያ ላይ የነበሩትን ልጆች መቁጠር አልቻልኩም። ትልልቅ፣ ትንንሽ፣ ሸራ ጫማ ያደረገች፣ የወንድሟን ሱሪ የታጠቀች፣ የትምህርት ቤት ቀሚሷን ሱሪ ላይ የደረበች። ኳሷ አንድ ናት። ሁሉም ይሮጣሉ፤ ሁሉም ይጮኻሉ። ደጊቱ ከመሀላቸው ቆማ በአዊኛም በአማርኛም ትጣራለች። ቀኝ ክንዷ ትንሽ ጎበጥ ብሏል። ሳቋ ግን ያው ነው።

ተቃቀፍን። ብዙ ቆየን።

«አንዷ ብትሰበርብሽ ምን ታደርጊያለሽ?» አልኳት፤ ሳልጠይቅ ማለፍ አልቻልኩም።

«ባለፈው አንዷ እግሯ ወልቆ ነበር። አባቷ ቤት ድረስ አዝዬ ወሰድኳት።»

«ሁሉንም ልታዝያቸው አትችይም እኮ ደጊቱ።»

«አውቃለሁ» አለች። «አንቺ ደግሞ ሁሉንም ልታስገቢያቸው አትችይም። እሱንም አውቃለሁ።»

በመካከላችን የነበረው ክርክር ይህ ነው፤ ዛሬም አልተቋጨም። ማናችን ትክክል እንደሆንን ብትጠይቁኝ አላውቅም። የማውቀው፣ ያን ዕለት አመሻሽ ድረስ ሣሩ ላይ ተቀምጠን ልጆቹን ስናይ፣ ከዚያ ስብሰባ ወዲህ ልቤ ውስጥ ተቋጥሮ የቆየ ነገር መላላቱን ነው።

ጨዋታው ሲያልቅ ሦስት ልጆች መረጥኩ። ልጆቹ ዘለሉ፣ ተቃቀፉ። ሌሎቹ ግን ዙሪያችንን ከበው ቆሙ። ከእነሱ አንዷ፣ ፊቷ በላብ የራሰ ልጅ፣ እኔን ሳይሆን መምህርቷን እያየች «እኛስ?» አለች።

እኔም ወደ ደጊቱ ዞርኩ። እሷ ኳሷን በደህናው እጇ ከመሬት አንሥታ ብብቷ ሥር ያዘች።

«እናንተማ ነገ ልምምድ አላችሁ» አለች። «እንዳታረፍዱ።»